ሰዒድ ልብስ ሰፊውና ጣራ የሌላት ማኪናው

ሰዒድ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ አስመራ ገባ ብለው የነገሩኝ ወፍጮ ላይ ቆሜ ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ ነጋሪው ደጋግሞ ጮኸልኝ፤ እኔም ደጋግሜ «ዋሽተሃል!» አልኩት። በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋሁና ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ደጅ ላይ ትቼ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ፣ ነጭ ጋኔን መስዬ አራዳ ወረድኩ። እውነት ነው። በሩ ተቆልፏል። እኔ የወፍጮ ቀበቶ ፍለጋ ጭልጋ በሰነበትኩበት ጊዜ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኙ ቀና አለና፣

«መልእክት ትቶልሃል» አለኝ።

«ምን አለ?»

«'አስመራ ደህና ከበሮ መቺ የለም ይባላል፤ ለካሳ ንገሩት' ብሏል።»

እንግዲህ ሰውዬው አልሞተም፤ አላህም እግዜርም ይመስገኑ። ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ እንባ ያስቸግራል፤ ስለ ሰዒድ ስጽፍ ግን የሚያስቸግረኝ ሳቅ ነው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው፤ ስለዚህ ቃል ብስት አትፍረዱብኝ። ምት ግን አልስትም። በዚያ ዘመን ከጎንደር እስከ ደባርቅ እንደ እኔ ከበሮ የሚመታ አልነበረም። ይህን ሰዒድም ያምናል፤ ፊት ለፊት ግን ብሎኝ አያውቅም።

ሰዒድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ የሚዘል ሰው ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወልቀው ለመለካትና ለጸሎት ብቻ ነው። እስፒል ስለሚነክስ የሚያወራው በአፉ ጥግ ነው። ሰው ሲተዋወቅ ደግሞ ፊቱን አያይም፤ ትከሻውን ነው የሚያየው። እኔን መጀመሪያ ያገኘኝ ቀን እንኳ ስሜን ሳይጠይቅ፣ «የቀኝ ትከሻህ ዝቅ ብሏል፤ ጆንያ በዚያ በኩል ነው የምትሸከም?» አለኝ። «አዎ» ስለው፣ «በል ከነገ ጀምሮ በግራ ተሸከም፤ አለዚያ ኮትህን ጠማማ አድርጌ ልሰፋ ነው» አለ። ኮት ግን አላዘዝኩትም ነበር!

ማኪናዋ ቀይ ነበረች። ጣራ የላትም፣ የኋላ ወንበር የላትም፣ ሆዷ መሬት ሊስም ደርሷል። ከጦርነቱ በኋላ ጎንደር የቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር የሚነዳት። ሰውዬው ሲያረጅ አገሩ መግባት ፈለገ፤ ሰዒድ ከነካፖርቱ፣ ከነሰደርያው፣ ሰው የሚለብሰውን ሁሉ ሰፋለትና ማኪናዋን ተረከበ። ያኔ ጎንደር ውስጥ ማኪና ወይ ጭነት ይጭናል፣ ወይ ሹም ይጭናል። እንዲያው ለመሮጥ ብቻ የተሠራ ማኪና ያየ የለም።

«ኧረ ለመሆኑ ምን ትጠቅምሃለች?» ይሉታል።

«ደስ ታሰኘኛለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሥራ የላትም። አይበቃትም?»

ባንድም ነበረን፤ ሦስት ሰው ነው። ሰዒድ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ እኔ ከበሮ እመታለሁ፤ መርሻ ይዘፍናል። መርሻ የቅኔ ተማሪ የነበረ፣ ኋላ በፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ድምፁ እንደ ማር ነው፤ ችግሩ ዜማው ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም። «ፍቅሬ» የምትለዋን ቃል ጀምሮ እስኪጨርሳት ዳቦ ይበስላል። ሰዒድ ታዲያ አይቆጣውም፤ «መርሻ፣ የረዘመ ይቆረጣል፤ ያጠረ ነው መላ የሌለው» ይልና ጣቱን እንደ መቀስ ያደርግበታል።

የምንለማመደው ሰዒድ ሥራውን ሲጨርስ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር። አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አድርጎ የስፌት ማኪናው ፊት ይቀመጥና መርፌዋን አንስቶ መርገጫውን ይረግጣል። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ምታችን እሱ ነው። የራሳችን ዘፈን የለንም፤ አዲስ አበባ የተዘፈነውን ነው የምንዘፍነው። አንድ ቀን ጫማ ጠጋኙ «ሌቦች ናችሁ» ቢለን፣ ሰዒድ በአፉ ጥግ «ሌብነት ሳይሆን ልክ ወስዶ መስፋት ነው» አለው።

ልኩን የምንወስደው ከሬዲዮ ነው። ጎንደር በተራራ ስለተከበበች ሬዲዮው ያንኮሻኩሻል፤ በደባርቅ መንገድ ያለው ኮሶዬ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ጥርት አድርጎ ያሰማል። ስለዚህ እሁድ እሁድ፣ የዘፈን ሰዓት ሳይደርስ፣ ሦስታችንም ለሁለት ሰው በተሠራች ማኪና ተጭነን ሽቅብ ነው። ሰዒድ ይነዳል። መርሻ አኮርዲዮኑንና ሬዲዮኑን አቅፎ ጎኑ ይቀመጣል። እኔ ከበሮዬን ይዤ ከኋላ፣ ጣራ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ፊጥ እላለሁ። እንደ እኔ ያማረ ሰው በዚያ መንገድ አላለፈም! ሰዒድ ማርሽ የሚቀይረው በምት ነው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ያንጎራጉራል፤ ሜትሩ ከአንገቱ ተነስቶ ከኋላው እየተውለበለበ ፊቴን ይገርፈኛል። ነፋሱ የባሕር ዛፍና የገብስ ሽታ ያመጣል። ሰዒድ ያኔ ይስቃል፤ ያለ ምክንያት፣ ጥርሱ እስኪበርደው ይስቃል።

ኮሶዬ ስንቆም ገበሬው ይሰበሰባል። አንድ ሽማግሌ ሁሌም ማኪናዋን እየዞሩ ያዩዋት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ጣራዋን ምን ወሰደው?»

«ስትፈጠርም የላት፣ አያ።»

«አይ ሸጋ! ዝናብ ሲመጣ ታዲያ?»

«ዝናብ ሲመጣ እንሮጣለን፣ አያ። ሩጫ ታውቅበታለች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እኔም በሬ ሆና ብትሆን እገዛት ነበር» አሉ።

ሰዒድ በዚህ ሁሉ መሐል ሚስት አልነበረውም። ልቡን የወሰደችው ሀዋ ናት፤ የሐጂ እድሪስ ልጅ። ሐጂ እድሪስ በአዲስ ዓለም ሰፈር የተከበሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸው እንደ ሚዛናቸው ነው፣ አይወላውልም። ሽማግሌ ላክን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሰዒድ አጎት ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ለምን እንደመረጠኝ አላውቅም፤ መቼም ከአንደበቴ ሌላ ምክንያት አይኖረውም። ሐጂ እድሪስ አዳምጠውን ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጁን አልጠላሁትም። እጁ ሸጋ ነው፤ ይሄን የለበስኩትን እሱ ነው የሰፋው። ነገር ግን ሳጥን አቅፎ ሲያስለቅስ ይውላል። ጣራ የሌላት ማኪና ይነዳል። ለራሱ ጣራ ያላበጀ ለልጄ ምን ጣራ ያበጃል? ሁለቱንም ይሽጥና ይምጣ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

በሳምንቱ ሀዋ ከሠራተኛቸው ጋር እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ሞተሩ ይጮሃል፤ እሷም መጮህ ነበረባት።

«ለጓደኛህ ንገረው! ማኪናዋን ከሸጠ አላገባውም!»

«ሳጥኑንስ?»

«ሳጥኑንም! ልብስ ሰፊ በጎንደር ሞልቷል! እኔ የምፈልገው ያንን በአራዳ ሲያልፍ የሚስቀውን ሰውዬ ነው!»

እኔ ብቻ የሰማሁ መስሏታል። ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ሁሉ ግን ከከንፈር ላይ ታነባለች። ዞር ስል ሴቶቹ በሙሉ ጆንያቸውን በጣም በጥንቃቄ እያዩ ነበር።

ሰዒድ ይህን ስነግረው እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ጉድ ነው» አለ በሙሉ አፉ። «አባትየው ጠባብ አዘዙኝ፤ ልጅቷ ሰፊ አዘዘችኝ።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«ጨርቁን አልቆርጥም። ሰውዬውን ደግሜ እለካለሁ። ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙን በሏቸው።»

ሄድን። ሐጂ እድሪስ ብዙ አሰቡ። ከኮሶዬ አለፍ ብላ ባለችው አምባ ጊዮርጊስ ለትምህርት ቤቱ የጣራ ቆርቆሮ መግዣ ባዛር ሊደረግ ነበር፤ እኛም እንድንጫወት ተጠርተናል፤ እሳቸው ደግሞ እዚያው ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ።

«ደህና» አሉ። «እዚያ አያችኋለሁ። ሰው ካከበራችሁ እኔም አከብራለሁ። ሰው ከሳቀባችሁ ግን ነገሩ አለቀ፤ ሳጥኑንም ማኪናዋንም ሳይሸጥ ደጄን እንዳይረግጥ።»

ስለዚህ አዲስ ዘፈን ያስፈልገናል፤ ማንም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ያልሰማው። እሁድ ኮሶዬ ወጣን። ዘፈን በሬዲዮ አንዴ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ሥራ እንከፋፈላለን። መርሻ ግጥሙን ይይዛል፣ ሰዒድ ዜማውን፣ እኔ ምቱን። የሌላውን ድርሻ ማዳመጥ ክልክል ነው። ሬዲዮኑን ማኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጥን፤ ሽቦውን ጽድ ላይ ሰቀልን። ዘፈኑ መጣ። ምን የመሰለ ዘፈን! መሐል ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ጭጭ አለ። ምንም የለም። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለና አለቀ።

እርስ በርሳችን ተያየን።

«ሬዲዮኑ ነው የጠፋው» አልኩ እኔ።

«አይደለም» አለ መርሻ። «ሬዲዮ ሲታመም ያጉረመርማል። ይሄ ጥርት ያለ ዝምታ ነው፤ ሆን ብለው ነው። በዜማም ማረፊያ አለ እኮ።»

«ይሄን ያህል?»

«ሊቃውንት ናቸዋ!»

ሰዒድ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ መሬቱን ይረግጥ ነበር። ዝምታውን እየለካው ነው። «አዲስ አበባ ፋሽን ተቀይሯል ማለት ነው» አለ። «እኛ እንደተሰፋው ነው የምንሰፋው።»

ከዚያ ወዲያ ከዘፈኑ ይልቅ ዝምታውን ተለማመድን። ዘፈን ማጥናት ቀላል ነው፤ ዝምታ ነው ከባዱ። ልክ ቦታው ላይ ሦስታችንም ቀጥ እንላለን፤ ሰዒድ አኮርዲዮኑን እንደዘረጋ፣ መርሻ አፉን እንደከፈተ፣ እኔ እጄን ወደ ላይ እንደሰቀልኩ። ማሳል የለም፤ ዓይን ማርገብገብ የለም። እጄ ይበላኛል፣ ከበሮው ይጠራኛል፤ እኔ ግን ብረት ነኝ። አንድ ቀን ልክ እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ ገባች።

«ሰዒድ? ... ምን ሆናችኋል? ... ኧረ ተናገሩ!»

ማን ይናገራል? ሴትዮዋ «ድረሱልኝ! ደርቀው ቀሩ!» እያለች ወጣች። ጎረቤቱ ጸበልና ዱላ ይዞ ሲገባ ዝምታው አልቆ፣ እኛ እስክስታ የሚያስወርደው ቦታ ላይ ነበርን።

በባዛሩ ቀን ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ከሰውም ከበቅሎም ሞልታለች። ሐጂ እድሪስ ከጨርቃቸው ፊት ጥምጥማቸውን አሳምረው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሀዋም ከእናቷ ኋላ ቆማለች። ሰዒድ ያን ቀን ራሱ የሰፋውን ልብስ ለብሶ ነበር፤ ግራጫ ኮት፣ ከነሜትሩ።

«ካሳ» አለኝ፣ «ከፈጠንክ አልቀናል።»

«እኔ?» አልኩት። «እኔ ፈጥኜ አላውቅም፤ ሌላው ነው የሚዘገየው።»

ጀመርን። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ትከሻ መነቃነቅ ጀመረ። ሐጂ እድሪስ አልተነቃነቁም። ቦታው ደረሰ፤ ቀጥ አልን። ጭጭ። ሰው ግራ ገብቶት ያየናል። በዚያ ዝምታ መሐል ከፊት ወንበር አንድ ሰው «ካካካካ!» ብሎ ሳቀ።

ከአዲስ አበባ አዲስ የተመደበ መምህር ነው። እንባው እስኪመጣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የእሱን ሳቅ አይተው ሌሎችም ፈገግ ማለት ጀመሩ። በዓይኔ ጠርዝ ሐጂ እድሪስን አየሁ፤ ከበርጩማቸው ተነስተዋል። «አለቀ» አልኩ በልቤ። ሰዒድ ግን አልዞረም። አኮርዲዮኑን እንደዘረጋ ቆሟል፤ እግሩ ብቻ ጫማው ውስጥ ይረግጣል። ዝምታው ሲሞላ ሦስታችንም እንደ አንድ ሰው ገባን፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈንነው።

መምህሩ ተነሳ። «ወንድሞቼ፣ እዚያ ቦታ ላይ እኮ ጡሩንባ አለ! ጡሩንባውን የት አደረጋችሁት?» አለ ጮክ ብሎ።

ለካ ያን ዕለት የሬዲዮኑ የባትሪ ድንጋይ ላልቶ ኖሯል። እኔ ከበሮው ውስጥ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። መርሻ ወደ ሰማይ አየ። ሰዒድ አኮርዲዮኑን አስቀመጠና ወደ መምህሩ ሄደ። ሕዝቡ ጠብ መስሎት ጸጥ አለ። ሰዒድ ሜትሩን ከአንገቱ አወጣ፣ የመምህሩን አፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለካ፣

«ሰፊ ነው፤ ጡሩንባ ይወጣዋል። ና ሙላልን» አለው።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አሁን ግን የሚሳቀው በእኛ አልነበረም። መምህሩም ደግ ሰው ነው፤ እየሳቀ መጣ። ዘፈኑን እንደገና ጀመርን፤ ቦታው ሲደርስ መምህሩ ጉንጩን ነፍቶ በአፉ «ቷ ቷ ቷራራ!» አለ። ምኑም አይከፋም ነበር። ሕዝቡ ግን አኮረፈ።

«አንተ ሰውዬ ዝም በል!» አለ አንዱ ገበሬ።

«ምነው አበላሻችሁት? የቀድሞውን ድገሙልን!» አለች አንዷ።

«ዝምታውን! ዝምታውን!»

ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርን። ቦታው ሲደርስ እኛ ብቻ አይደለንም ቀጥ ያልነው። ገበያው ሁሉ ቀጥ አለ። እንሥራ ያነሳች ሴት እንሥራዋን እንዳነሳች፣ እህል የሚሰፍረው ሰው ቁናውን እንደያዘ፣ መምህሩ ራሱ ጉንጩን እንደነፋ። የበቅሎ ጆሮ ሲወዛወዝ ይሰማል ብል ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ከበሮዬን አሳረፍኩት። ምድር ነው የተንቀጠቀጠችው! እልልታው ኮሶዬ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሲያበቃ ሐጂ እድሪስ በሰው መሐል ቀስ እያሉ መጡ። ሰዒድ ፊት ቆሙ። ከቁመታቸው ማጠር የተነሳ የሚያዩት የኮቱን ሦስተኛ ቁልፍ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ሲስቁብህ ለምን አልተናገርክም?»

«ዝምታው አላለቀም ነበር፣ አባቴ።»

ሐጂ እድሪስ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሦስት ሰው አብሮ ሲጮህ በየገበያው እሰማለሁ፤ ሦስት ሰው አብሮ ዝም ሲል ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። ከዚያ ልጄን ሰጥቻለሁም አላሉ፣ ነስቻለሁም አላሉ። ወደ ማኪናዋ ሄዱና ዞሯት። በከዘራቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ። «ጎንደር ድረስ ታደርሰኛለህ? ጭነት ማኪናው ላይ ወገቤን ይቆርጠኛል» አሉት።

ሰዒድ በሩን ከፈተላቸው። ሀዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ አየኋት። ሊሄዱ ሲሉ ሰዒድ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ሊሰቀል የሚወሰድ ሰው ፊት ነበር። ሐጂ እድሪስ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀይዋ ማኪና አቧራ አንስታ ሄደች።

እኔና መርሻ ከሐጂው ጨርቅ ጋር ጭነት ማኪናው ላይ ተሳፈርን። ሀዋና እናቷ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል።

«ምን የሚሉት ይመስልሃል?» አልኩት መርሻን።

«አንድም ይሰጡታል፣ አንድም ይነሱታል» አለ መርሻ። የቅኔ ሰው ስትጠይቀው መልሱ እንዲህ ነው።

ኮሶዬ አካባቢ ስንደርስ ሾፌሩ ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከመንገዱ ዳር፣ ሜዳው ሣር ላይ፣ ቀይዋ ማኪና ቆማለች። ወይ ተበላሽታለች፣ ወይ ተጣልተዋል አልኩ። ቀና ብዬ ሳይ ቆማም አይደለችም፤ በሣሩ ላይ እንደ ኤሊ እየሄደች ነው። ሰዒድ ጎኗ እየተራመደ በእጁ ወዲህ ወዲያ ያሳያል። መሪውን የያዙት ሐጂ እድሪስ ናቸው። ጥምጥማቸው ጀርባቸው ላይ ተፈቶ ይውለበለባል፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታይቷል። እሳቸው ሲስቁ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም፤ ሀዋም ከመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ «አባዬ!» እያለች ነው። እኛን ሲያዩ ጭራሽ ነዳጁን ረገጡት መሰለኝ፣ ማኪናዋ ብድግ ብላ ወደ ፊት ሮጠች፤ ሰዒድ ከኋላ ቀረ።

«አማቼ!» ብለው ጮኹ ሐጂ እድሪስ። «አማቼ፣ ፍሬኑ የቱ ነው?»

ሰዒድ ግን ፍሬኑን አላሳያቸውም። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሣሩ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር።